ብቻችሁን ወደ ላሙ ደሴት፦ ከሞያሌ ማህተም እስከ ጀልባው መውረጃ ማወቅ ያለባችሁ

ላሙ በኬንያ የባህር ዳርቻ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ለሶማሊያ ድንበር ቀረብ ብላ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። ከጥቂት የመንግስት ተሽከርካሪዎችና ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከገቡት ሞተር ሳይክሎች በስተቀር መኪና የሚባል ነገር የለባትም። እቃ የሚጫነው በአህያ ነው። ሰው ደግሞ በእግሩ ወይም በጀልባ ይሄዳል። የከተማዋ መንገዶች ሁለት የተጫኑ አህዮች ከተገናኙ አንዱ ቆሞ የሚያሳልፍባቸው ጠባብ ናቸው።

በዚህ ጽሁፍ ብቻውን፣ በትንሽ በጀት፣ የጀርባ ቦርሳ ይዞ ወደዚች ደሴት መሄድ ለሚያስብ ወጣት የሚጠቅሙ መረጃዎችን ሰብስበናል። የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ላሙ?

ብዙ ሰው ደሴት ሲባል ዛንዚባር ነው የሚመጣበት። ላሙ ግን ለኛ ሰው ሶስት ነገሮች ያቀሉለታል። አንደኛ፣ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ያለው ሰው ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ደሴቷ በር ድረስ በየብስ መድረስ ይቻላል። ሶስተኛ፣ ፀጥታዋ እውነተኛ ነው፤ ማታ የሚሰማው አዛን፣ የባህሩ ድምጽና የአህያ ጩኸት ነው።

አሮጌዋ የላሙ ከተማ በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሳያቋርጥ የኖረባት፣ በምስራቅ አፍሪካ ካሉት የስዋሂሊ ከተሞች ሁሉ ጥንታዊነቷን በደንብ የጠበቀች ነች ተብላ ነው የተመዘገበችው። ቤቶቹ በኮራል ድንጋይና በማንግሮቭ እንጨት የተሰሩ ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ግን ፎቶ ላይ የማይታየው ጉዳይ አለ።

ከሁሉም በፊት ማህተም

የ20ዎቹ እድሜ ላይ ያለ፣ ብቻውን ቦርሳ ያነገበ ኢትዮጵያዊ በኬንያ ኬላዎች ላይ መጀመሪያ የሚታየው እንደ ቱሪስት አይደለም። ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው የደላላ መንገድ ለብዙ ዓመታት የቆየ ነው። ወረቀት የሌላቸው ኢትዮጵያውያን በኬንያ ተይዘው ፍርድ ቤት የመቅረባቸው ዜናም አዲስ አይደለም። ፖሊሱ ይህን እያሰበ ነው ፓስፖርታችሁን የሚቀበለው። ላሙ ደግሞ የጸጥታ ስጋት ያለበት ካውንቲ ስለሆነ ፍተሻው ከሌላው አካባቢ ይጠብቃል።

ስለዚህ በሞያሌ የምትገቡ ከሆነ ከአውቶብስ ወርዳችሁ ሁለቱንም ማህተም ራሳችሁ አስመቱ፦ የኢትዮጵያን መውጫና የኬንያን መግቢያ። የሁለቱ ሀገራት ሰራተኞች በ2020 መጨረሻ በተመረቀ አንድ የጋራ የድንበር ጣቢያ እንዲሰሩ ተደርጓል። «ፓስፖርትህን ስጠኝ እኔ አስጨርሼ አመጣልሃለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስጡት። ማህተሙ ከተመታ በኋላም ዞር ሳትሉ ቀኑንና የተፈቀደላችሁን የቆይታ ጊዜ አንብቡ። መቆየት የምትችሉት እዚያ በተጻፈው ልክ ነው፤ ጓደኛችሁ ባለፈው ዓመት የተሰጠው ቀን ለእናንተ አይሰራም።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዙ። ኢትዮጵያ የበሽታው ስጋት ካለባቸው ሀገሮች ስለምትመደብ ኬንያ ትጠይቃለች።

ፓስፖርቱንና ማህተሙ ያለበትን ገጽ ፎቶ አንሱና አንዱን ቅጂ ለቤተሰብ ላኩ፤ ስልካችሁ ላይም ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ይሁን። ኬላ ላይ ግን የሚታየው ዋናው ነው። ፎቶ ኮፒ ይዞ ዋናውን ናይሮቢ ማስቀመጥ ትልቅ ስህተት ነው።

ሌላ የሚረሳ ነገር፦ ፌስታል። ኬንያ ከኦገስት 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ጫማችሁንና የቆሸሸ ልብሳችሁን የምትጠቀልሉበትን ፌስታል ቤት ተዉት፤ የጨርቅ ከረጢት ያዙ።

መንገዱ እና አደጋው

ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞያሌ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ የሚያደርሰው መንገድ አስፋልት ነው። ከናይሮቢ ሞምባሳ ከ2017 ጀምሮ የሚሰራ ባቡር አለ፤ አውቶብስም ሞልቷል። ከሞምባሳ ደግሞ በማሊንዲ፣ በጋርሰንና በዊቱ አልፎ ሞኮዌ የሚደርስ የላሙ አውቶብስ ትይዛላችሁ። ሞኮዌ በየብስ በኩል የመጨረሻዋ ቦታ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ባህር ነው። በሀገር ውስጥ በኩል የምታልፉበት የቦረና መስመርም ከጊዜ ጊዜ ሁኔታው ስለሚለዋወጥ ከመነሳታችሁ በፊት ሰሞኑን ከተጓዙ ሰዎች ጠይቁ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ከጋርሰን በዊቱ እስከ ላሙ ያለው 135 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በቅርብ ዓመታት አስፋልት ለብሷል፤ ስጋቱ ግን በአስፋልት አልጠፋም። በጁን 2014 አል ሸባብ ኃላፊነቱን በወሰደበት የምፔኬቶኒ ጥቃትና በተከታዮቹ ቀናት በአካባቢው ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከዚያ በኋላ ካውንቲው ለረጅም ጊዜ በሰዓት እላፊ ቆይቷል። በ2020 መጀመሪያም በዚሁ መስመር ላይ የመንገደኞች አውቶብስ ተጠቅቷል፤ በዚያው ሳምንት በማንዳ ቤይ ያለው የጦር ሰፈርም ተመትቷል። የእንግሊዝ መንግስት ለዜጎቹ በሚያወጣው የጉዞ ምክር ላሙ ደሴት ለሚሄዱ ሰዎች በየብስ ሳይሆን በአየር እንዲሄዱ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ይህን የጻፍነው ለማስፈራራት አይደለም። የላሙ ሰው ራሱ በዚያ መንገድ በየቀኑ ይመላለሳል። ግን ውሳኔው የእናንተ ስለሆነ በመረጃ ወስኑ፦

• አውሮፕላን ከናይሮቢ ማንዳ ደሴት ድረስ አለ፤ በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ማንዳ ከላሙ ፊት ለፊት ስለሆነች በጀልባ ቶሎ ትሻገራላችሁ። ገንዘብ የምታወጡበት አንድ ቦታ ብቻ ካለ እዚህ ላይ አውጡት።

• በአውቶብስ የምትሄዱ ከሆነ በማለዳ የሚነሳውን ያዙ። በጨለማ ከጋርሰን ወዲያ የሚያስገባችሁን ትኬት አትግዙ። ከዘገያችሁ ማሊንዲ እደሩ።

• ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ማደሪያችሁ ደውላችሁ «መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ።

• ፖሊስ አውቶብሱን አስቁሞ ሁሉንም ሲያስወርድ ወርዳችሁ ከሰው ጋር ተሰለፉ። ኬላ፣ ወታደር፣ ጀልባ ላይ ያለ መሳሪያ ፎቶ አይነሳም። ለብቻ የሚጓዝ የውጭ ሰው ስልኩን ወደ ወታደር ካዞረ ቀኑ ይረዝምበታል።

ጀልባው እና የመጀመሪያዋ ሰዓት

ሞኮዌ ስትወርዱ ግርግር ነው። ሸካሚው ቦርሳችሁን ይይዛል፣ ጀልባ ነጂው ይጠራል፣ አንዱ ደግሞ «ሆቴል፣ ሆቴል» ይላል። የህዝብ ጀልባ አለ፤ ሞልቶ ይነሳል፣ ዋጋው እንደ ታክሲ የታወቀ ነው። «ስፔሻል» ልውሰዳችሁ የሚለው ደግሞ ጀልባውን በሙሉ ኮንትራት እየሸጠላችሁ ነው። ልክ እንደኛ ሀገር ኮንትራት ታክሲ ማለት ነው። ከአውቶብሱ አብረዋችሁ የወረዱ እናቶች ወደየትኛው ጀልባ እንደሚገቡ ተመልከቱና እዚያ ግቡ። ሲከፍሉም አይታችሁ ያንኑ ክፈሉ። የህይወት ማዳኛ ጃኬት ካለ ጠይቃችሁ ልበሱ፤ ዋና የማይችል ሰው በዚህ አያፍርም።

ደሴቷ ላይ ስትወርዱ አንድ ትሁት ወጣት ከጎናችሁ መራመድ ሊጀምር ይችላል። ምንም አይጠይቃችሁም፤ ከየት እንደመጣችሁ ብቻ ያወራችኋል። ማደሪያው በር ላይ አብሯችሁ ከደረሰ ግን ያመጣችሁ እሱ ነው፤ የእሱ ኮሚሽን በክፍላችሁ ዋጋ ላይ ሊጨመር ይችላል። ይህ ሌብነት አይደለም፣ ስራው ነው። የማትፈልጉት ከሆነ ገና ሲጀምር በፈገግታ «አሳንቴ፣ ናጁዋ ንጂያ» (አመሰግናለሁ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ) በሉት። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ ደግሞ መታወቂያ ያለውን ያዙ፤ ዋጋውን ሳትነሱ ተስማሙ።

ዋናው ምክር ይህ ነው፦ የመጀመሪያዋን ሌሊት ብቻ አስቀድማችሁ ያዙ፣ የባለቤቱን ስም ወይም ቤቱ የሚጠራበትን ስም በቃላችሁ እወቁ። ላሙ ውስጥ የመንገድ ቁጥር ብዙ አይጠቅምም፤ ስልክ ላይ ያለው ካርታም በጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ይጠፋበታል። የሚያደርሳችሁ ሰው ነው። ኬላ ላይ «የት ነው የምትሄደው?» ሲባልም የምታድሩበትን ቤት ስም የሚናገርና ስልክ ቁጥር የሚያሳይ ሰው ቶሎ ያልፋል። «ሄጄ እፈልጋለሁ» ያለው ግን ጥያቄ ይበዛበታል። እንግዳ መሆን ማለት አስተናጋጅ መኖሩ ነው።

ከተማው ውስጥ ከጠፋችሁ አትደንግጡ። ወደ ታች ወደ ባህሩ ውረዱ፤ በባህሩ ዳር ያለው መንገድ ላይ ትወጣላችሁ። ከእሱ አንድ መደዳ ወደ ውስጥ ሱቆች የበዙበት «ኡሲታ ዋ ሙይ» የሚባለው ዋና መንገድ አለ። ሁለቱን ከለያችሁ ከተማዋን አወቃችሁ።

ገንዘብ

ኬንያ ውስጥ ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴትም ክፍያ የምትቀበለው በኤም-ፔሳ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ የከፈታችሁት ኤም-ፔሳ በብር የሚሰራ ሌላ አካውንት ነው። ናይሮቢ ወይም ሞምባሳ ላይ በፓስፖርታችሁ የኬንያ ሲም አውጡና እዚያው አስመዝግቡ። ላሙ ከተማ ባንክና ኤቲኤም አለ፤ ኔትወርክ ወይም ገንዘብ ያለቀበት ቀን ግን ሌላ አማራጭ ጥቂት ነው። ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ሽልንግ ሁሌም ለይታችሁ ያዙ።

ዶላር ከባንክ በፓስፖርትና በትኬት ግዙ፤ ደረሰኙን አትጣሉት። ሞያሌ መንገድ ላይ ብር የሚመነዝሩ ሰዎች ዋጋቸው ቢማርክም ሀሰተኛ ኖት ቢደርሳችሁ የምትከሱበት ቦታ የለም።

ቋንቋው ከምታስቡት በላይ ይቀርባችኋል

ስዋሂሊ እንደኛው ብዙ የአረብኛ ቃላት አሉት። ሳህን «ሳሃኒ» ነው፣ ባህር «ባሃሪ»፣ ሳምቡሳ ያው ሳምቡሳ። ቁጥሮቹንም ስሙ፦ ሰባት «ሳባ»፣ አርባ «አሮባይኒ»፣ ሃምሳ «ሃምሲኒ»። አንዱ ግን ያሳስታል፦ «ኤልፉ» ማለት ሺህ ነው፣ እንደኛ እልፍ አስር ሺህ አይደለም። ዋጋ ስትደራደሩ አስታውሱት።

ከሁሉም የሚያስደስተው ሰዓቱ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው፤ ጠዋት «ሳ ሞጃ» ሲላችሁ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። ፈረንጆቹ ቱሪስቶች በዚህ ግራ ሲጋቡ እናንተ ቤታችሁ ናችሁ። ችግሩ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስታወሩ ነው፤ ያኔ ሰዓቱ እንደ ፈረንጅ ይሆናል። ትኬት ላይ የተጻፈውም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ስለ ጀልባና አውቶብስ መነሻ ሲነገራችሁ «ከጸሐይ መውጣት በፊት ነው በኋላ?» ብላችሁ አረጋግጡ።

ሰላምታ እዳ ነው። «ጃምቦ» ለቱሪስት የተተወ ቃል ነው። ለእኩያችሁ «ማምቦ» በሉ። ለትልቅ ሰው ግን «ሺካሞ» ይባላል፤ እሳቸውም «ማራሃባ» ይላሉ። ጎንበስ ብላችሁ ይህችን አንዲት ቃል ለሽማግሌ ካላችሁ ሰፈሩ በአንድ ቀን ያውቃችኋል። ሰው ቤት ከመግባት በፊት «ሆዲ» ይባላል፣ «ቤቶች» እንደማለት ነው። «ካሪቡ» እስኪባል ደጅ ይጠበቃል። በአሮጌዎቹ ቤቶች በር ላይ ያለው የድንጋይ መቀመጫ የተሰራውም ለዚሁ፣ እንግዳ አረፍ እንዲል ነው።

ሀበሻ መሆናችሁን መደበቅ አያስፈልግም። በስዋሂሊ ኢትዮጵያዊ ድሮም «ምሃበሺ» ይባላል፤ ቃሉን ያውቁታል።

አለባበስ፣ ምግብ፣ ጸሎት

ላሙ የሙስሊም ከተማ ናት። በከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ የዋና ልብስ ለባህር ዳር ብቻ ነው። አርብ ቀትር ላይ ሱቆች ይዘጋሉ። በረመዳን ቀን ላይ ክፍት ምግብ ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ መንገድ ላይ መብላትና መጠጣትም ነውር ነው። የነቢዩ መሐመድ ልደት የመውሊድ በዓል በላሙ እጅግ ደማቅ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ክፍል በጊዜ ካልያዛችሁ አታገኙም። መጠጥ የሚሸጥባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

የኛ ሰው ለሚጠይቀው ጥያቄ፦ ስጋው የሙስሊም እርድ ነው። ይህ ለእምነታችሁ ጉዳይ ከሆነ አሳ ሞልቷል። ጾም ለያዘ ደግሞ በኮኮናት ወተት የተሰራ ባቄላ መሰል ጥራጥሬ («ምባዚ») ከሻይ ብስኩት ጋር ለቁርስ ይቀርባል። ብስኩቱ ላይ ወተት ወይም እንቁላል መኖሩን ግን ጠይቁ።

ወባ አለ። አጎበር ያለው ክፍል ያዙ፤ ከመሄዳችሁ በፊትም ስለ መከላከያ መድኃኒት ጤና ባለሙያ አማክሩ። የካውንቲው ኪንግ ፋህድ ሆስፒታል ደሴቷ ላይ ይገኛል።

ባህሩ

ባህር አጠገብ ላላደግን ሰዎች ትልቁ ትምህርት ውሃው በቀን ውስጥ እንደሚሞላና እንደሚሸሽ ማወቅ ነው። ከላሙ ከተማ ሼላ የምትባለው መንደር ድረስ በባህሩ ዳር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስትሄዱ ደረቅ የነበረው መንገድ ስትመለሱ ውሃ ሊሸፍነው ይችላል። ጠዋት ማደሪያችሁ «ውሃው ስንት ሰዓት ይሞላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከሼላ ወዲያ ወደ 12 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ አሸዋማ ዳርቻ አለ። የሚያምረው ሰው ስለሌለበት ነው፤ ለብቻ ተጓዥ የሚያሰጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከሰው አይን ርቃችሁ ስልክና ገንዘብ ይዛችሁ ብቻችሁን አትሂዱ። ከጀርባው ያለው የአሸዋ ኮረብታ የዝናብ ውሃ አጣርቶ የሚያጠራቅም፣ ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ ምንጭ ነው። ቆሻሻ አይጣልበትም።

ከአፕሪል እስከ ጁን ከባድ ዝናብ ነው፤ ብዙ ማደሪያዎችም ይዘጋሉ። ከዲሴምበር እስከ ማርች ይሞቃል፣ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ነፋሻማ ነው።

ሴቶች ብቻችሁን ስትሄዱ

ነጠላ ያዙ። ቀላል ነው፣ ጸሐይ ይከላከላል፣ ከተማ ውስጥ ስትገቡ ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል። ክፍሉ ከውስጥ የሚቆለፍ መሆኑን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዩ። ሴት የምታስተዳድረው ወይም ቤተሰብ የሚኖርበት ፔንሲዮን ምረጡ። የጀልባ ሽርሽር የሚያቀርብ ካፒቴን ብቻችሁን ከሆናችሁ አይሆንም በሉት፤ ከሌሎች እንግዶች ጋር ተደባልቃችሁ ውጡ። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱም ለማደሪያው ባለቤት ተናገሩ። ለትክክለኛ አስተናጋጅ ይህ ማስቸገር አይደለም፤ ካልተመለሳችሁ የሚፈልጋችሁ እሱ ነው።

ላሙ እና ኢትዮጵያ

ሀገራችሁን ስትናገሩ ወደቡ ሊነሳባችሁ ይችላል። ማርች 2 ቀን 2012 የኬንያው ፕሬዝዳንት ምዋይ ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪር እና ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በላሙ ተገኝተው ወደቡን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኘውን ላፕሴት የተባለ ፕሮጀክት አስጀምረዋል። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በሜይ 2021 ስራ ጀመረ።

ለአሳ አጥማጁ ግን ወደቡ ሌላ ነገር ነው። ግንባታው የሚያጠምዱበትን ቦታ ወስዶባቸዋል። በ2018 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለ4,600 ያህል አሳ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ወስኗል። በ2019 ደግሞ በአካባቢው ሊገነባ የነበረ የድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ ፈቃዱ በአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤት ተሰርዟል፤ ህዝቡ በአግባቡ አልተመከረበትም ተብሎ። ፀጥ ያለችው ደሴት ዝም ያለች ደሴት አይደለችም። ሻይ ላይ ይህ ወሬ ከተነሳ ከመናገር ይልቅ ስሙ።

ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ጊዜ እዩት

• ፓስፖርት፣ ሁለቱ ማህተሞች፣ የቢጫ ወባ ካርድ
• የመጀመሪያ ሌሊት ማደሪያ፣ የቤቱ ስምና ስልክ
• ናይሮቢ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ ቁጥር፣ በወረቀት ላይም የተጻፈ
• የኬንያ ሲም እና የሁለት ቀን ጥሬ ሽልንግ
• የእጅ ባትሪ (መብራት ሲጠፋ መንገዶቹ ድቅድቅ ናቸው)፣ ነጠላ፣ የጨርቅ ከረጢት
• በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መልዕክት የምትልኩለት አንድ ሰው

ስትመለሱም የተፈቀደላችሁ ቀን ሳያልፍ፣ ከኬንያ የመውጫ ማህተም አስመትታችሁ ውጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ፓስፖርታችሁን የሚያየው መኮንን መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።